ቁልፉ በማን እጅ ነው?
የመንደር ኮምፒውተር ታሪክና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሰጠው ትምህርት

መግቢያ

ገበሬ እህሉን ጭኖ ወደ ማኅበሩ መጋዘን ሲመጣ በልቡ የሚይዛቸው ሁለት ጥያቄዎች አሉ። ሚዛኑ ትክክል ነው ወይ? የተመዘነውስ በመዝገቡ ላይ በትክክል ሰፍሯል ወይ? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ እስካላገኙ ድረስ የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ምንም ያህል አምሮ ቢጻፍ፣ ሊቀ መንበሩም ምንም ያህል ቅን ሰው ቢሆኑ፣ አባሉ በነጋዴው ላይ የነበረውን ጥርጣሬ ወደ ማኅበሩ ይዞት ይመጣል። ስለዚህ የኅብረት ሥራ ንቅናቄ ከጥንት ጀምሮ ለዋጋም ለመረጃም ሲታገል የኖረ ንቅናቄ ነው ማለት ይቻላል።

እንደሚታወቀው ዛሬ በየማኅበሩና በየዩኒየኑ መዝገቡ ከደብተር ወጥቶ ወደ ኮምፒውተር እየገባ ነው። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሒሳብ ይፈጥናል፣ ስህተት ይቀንሳል፣ ኦዲትም ይቀላል። ነገር ግን ማንበብ የማይችል አባል ቀድሞ የተማረ ልጁን ይዞ መጥቶ ደብተሩን ያስነብብ ነበር። መዝገቡ በሥራ አስኪያጁ ቢሮ፣ በተቆለፈ በር ጀርባ፣ በምስጢር ቃል በሚከፈት መሣሪያ ውስጥ ሲገባ ግን ልጁስ ምኑን ያነባል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ አዲስ ቢመስልም በዓለም ላይ ብዙ የተሠራበትና ብዙ የተለፋበት ነው። ባለፉት አርባ ዓመታት መንግሥታት፣ ግብረ ሰናይ ድርጅቶች፣ ኩባንያዎችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ኮምፒውተርን ለመንደር ሕዝብ በጋራ ለማቅረብ ሞክረዋል። የተሳካላቸው አሉ፤ ያልተሳካላቸውም ብዙ ናቸው። ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት ያለፈውን ሥራ ከማወደስ ጎን ለጎን ይህን ታሪክ መመልከቱ ለአባላትም ሆነ ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ የውጭ አገር ታሪኮች በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችን ደግሞ ዓ.ም. እየተባለ በራሳችን አቆጣጠር ተጠቅሰዋል።

ከንባብ ክፍል እስከ ኮምፒውተር ክፍል

የዘመናዊ ኅብረት ሥራ አባቶች ተብለው የሚታወቁት የእንግሊዝ አገር የሮችዴል ከተማ ሠራተኞች ሱቃቸውን የከፈቱት በታኅሣሥ ወር 1844 ነበር። መሥራቾቹ 28 እንደነበሩ ይነገራል። መጀመሪያ ያቀረቡት ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና የመሳሰለውን ሲሆን፣ ያስመሰገናቸውም ያልተቀላቀለ ዕቃና ያልተጭበረበረ ሚዛን ነው። ይህን ብዙዎቻችን በኅብረት ሥራ ሥልጠና ላይ ሰምተነዋል። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን እነዚያ ሰዎች ከሱቁ ጋር የንባብ ክፍልና ቤተ መጻሕፍት ማቋቋማቸው ነው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገር ጋዜጣ እስከ 1855 ድረስ የቴምብር ግብር ይከፈልበት ስለነበር ለተራ ሠራተኛ በጣም ውድ ነበር። አንዱ ሰው ብቻውን ሊገዛ ያልቻለውን ጋዜጣ በጋራ ገዝተው በጋራ አነበቡት። ከዚያም ከትርፋቸው ላይ በየጊዜው 2.5 በመቶ ለትምህርት እንዲውል በደንባቸው ወሰኑ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ኮምፒውተር በመጣ ጊዜም ያው ችግር ተመልሶ መጣ። መሣሪያው ውድ ነው፤ ያለው ሰው ይማርበታል፣ ይሠራበታል፣ የሌለው ደግሞ ወደ ኋላ ይቀራል። በአሜሪካ አንቶኒያ ስቶን የተባሉ የሒሳብ መምህርት ይህን አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዷ ነበሩ። በ1980 አንድ ድርጅት መሥርተው፣ በ1983 በኒው ዮርክ ከተማ፣ በሃርለም ሰፈር፣ በአንድ የመኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ለማንኛውም የሰፈሩ ነዋሪ ክፍት የሆነ የኮምፒውተር ክፍል አቋቋሙ። በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያንና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች በሚኖሩበት ሰፈር ሕፃን ከአዋቂ ሳይለይ የሚገባበት ቤት ሆነ። በኋላ በመላ አሜሪካ ለተስፋፉት ተመሳሳይ ማዕከላት መነሻ ከሆኑት አንዱም ይኸው ነው።

የገጠሩ ታሪክ ደግሞ በስዊድን ይጀምራል። በኖርዌይ ድንበር አካባቢ በተራራማው የሔርየዳለን አውራጃ ቬምዳለን የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ወጣቱ ሥራ ፍለጋ ወደ ከተማ እየፈለሰ በመቸገሯ፣ በ1985 ለመንደሩ ነዋሪዎች በጋራ የሚያገለግል የኮምፒውተርና የመገናኛ ቤት ተከፈተባት። ስሙን «ቴሌስቱጋ» አሉት፤ በእኛ ቋንቋ «የቴሌ ጎጆ» እንደማለት ነው። ሐሳቡ ከዚያ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛመተ፤ ቆይቶም ወደ እስያና ወደ አፍሪካ ተሻገረ።

የዋራና የሸንኮራ አገዳ ገበሬዎች

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንድ ገበሬዎች ታሪክ ነው። በሕንድ የማሐራሽትራ ክልል፣ በዋራና ወንዝ ሸለቆ የሚገኙ የሸንኮራ አገዳ አምራቾች በ1950ዎቹ በታትያሳሔብ ኮሬ መሪነት በኅብረት ሥራ የስኳር ፋብሪካ ለማቋቋም ተነሡ። ከጊዜ በኋላ የወተት ማኅበር፣ ባንክ፣ ሱቅ፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል እየተጨመረ ሄዶ አካባቢው በሙሉ በኅብረት ሥራ የሚተዳደር እስኪመስል ደረሰ።

የሸንኮራ አገዳን ጠባይ የሚያውቅ ሰው የዋራናን ገበሬ ጭንቀት ይረዳዋል። አገዳ ከተቆረጠ በኋላ ቶሎ ካልተፈጨ ስኳሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ገበሬው መቼ እንደሚቆርጥ የሚወስነው ፋብሪካው ነው። መሬቱን ያስመዘግባል፣ የተከለበትን ቀን ያስጽፋል፣ የመቁረጫ ፈቃድ ይጠብቃል፤ ከዚያም የተመዘነለትን ቶን፣ በዱቤ የወሰደው ማዳበሪያ ስንት እንደተቀነሰበትና ቀሪው ክፍያ መቼ እንደሚመጣ ለማወቅ እስከ ፋብሪካው ቢሮ ይመላለሳል። አንዲት ወረቀት ለማየት የሥራ ቀን ይባክናል።

በ1998 የሕንድ ማዕከላዊ መንግሥት፣ የማሐራሽትራ መንግሥትና የዋራና ማኅበራት ተባብረው 70 መንደሮችን የሚሸፍን የኮምፒውተር ሥራ ጀመሩ። ወጪው 50 በመቶ በማዕከላዊ መንግሥት፣ 40 በመቶ በክልሉ መንግሥት፣ 10 በመቶ ደግሞ በራሳቸው በማኅበራቱ ተሸፈነ። በ54 መንደሮች የኮምፒውተር ጣቢያዎች ተከፈቱ። ገበሬው ከመንደሩ ሳይወጣ የመቁረጫ ፈቃዱን፣ የተመዘነለትን መጠንና ሒሳቡን የሚያሳይ ወረቀት ከጣቢያው ሠራተኛ ይቀበል ጀመር። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም። የሚዛኑ ቁጥር በመንደሩ መታየት ሲጀምር ማኅበሩ ለአባሉ የሚመልሰው ጥያቄ ቀነሰ፤ የአባሉም ጊዜ ተረፈ።

ይሁን እንጂ ሥራው ሲታቀድ የታሰበው ከዚህ በጣም የሰፋ ነበር። ገበሬው ራሱ በኮምፒውተሩ የገበያ ዋጋ እንዲመለከት፣ የሰብል ምክር እንዲያገኝ፣ ልጆቹ እንዲማሩበት፣ የመንግሥት አገልግሎት እንዲቀርብበት ታቅዶ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሁኔታው ሲጠና ግን ጣቢያዎቹ በአብዛኛው የሚሠሩት የስኳር ፋብሪካውን ሒሳብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያውን የሚነካው ሠራተኛው ነው፤ ገበሬው በመስኮት ወረቀት ተቀብሎ ይሄዳል። ግንኙነቱ ደካማ፣ መብራቱም የሚቆራረጥ ነበር።

ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ኮምፒውተሩ የተጠቀመው ገበሬው አስቀድሞ ይጠይቀው የነበረውን ጥያቄ በመለሰበት ቦታ ነው፤ ሚዛኔ ስንት ነው? ሒሳቤ የት ደረሰ? ሁለተኛው ደግሞ፣ ጣቢያው የተዘረጋው በአገዳ አቅራቢው ሒሳብ ዙሪያ በመሆኑ መሬት የሌለው የቀን ሠራተኛና አገዳ ቆራጭ በመስኮቱ የሚጠይቀው ሒሳብ አልነበረውም።

የፑዱቸሪ መንደሮችና የበሩ ጥያቄ

በዚያው በ1998 በደቡብ ሕንድ፣ በፑዱቸሪ አካባቢ፣ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። አቋቋሚው በሕንድ የአረንጓዴ አብዮት መሪነታቸው የሚታወቁት የግብርና ሳይንቲስት ኤም. ኤስ. ስዋሚናታን (1925–2023) የመሠረቱት የምርምር ድርጅት ሲሆን፣ የገንዘብ ድጋፉ ከካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል የተገኘ ነበር።

ባለሙያዎቹ መሣሪያ ከመግዛታቸው በፊት የመንደሩ ሰው ወሬና መረጃ ከየት እንደሚያገኝ ጠየቁ። መልሱ ለእኛ አገር ሰውም እንግዳ አይሆንም፤ ከሱቅ፣ ከገበያና ከሻይ ቤት ነው። ከዚህ በመነሣት ቪልያኑር በምትባል ከተማ ዋና ማዕከል አቋቁመው በዙሪያዋ ያሉትን መንደሮች በሬዲዮ መገናኛ አያያዟቸው። የስልክ መስመሩ የማያስተማምን ስለነበር ድምፅም ጽሑፍም በሬዲዮ ሞገድ ይተላለፍ ነበር፤ መብራት ሲጠፋም የፀሐይ ኃይል ይተካዋል። ጽሑፉ የአካባቢው ሕዝብ በሚናገረው በታሚል ቋንቋ ነበር።

የሚተላለፈው መረጃ ምን ነበር? የእህል ዋጋ፣ በየሱቁ ያለው የዘርና የማዳበሪያ ዓይነትና ዋጋ፣ የአውቶቡስ ሰዓት፣ ሐኪም የሚገኝበት ቀን፣ ለድሃ ቤተሰቦች የተመደቡ ከመቶ በላይ የመንግሥት ድጋፎች ዝርዝር። ይህ የመጨረሻው በተለይ ትኩረት የሚሻ ነው። አንድ ድሃ ስሙ በተረጂዎች መዝገብ ላይ መስፈሩን በራሱ ለማየት ሲችል፣ ለጸሐፊው ደጅ መጥናት አያስፈልገውም። ቪራምፓቲናም በምትባለው የዓሣ አስጋሪዎች መንደር ደግሞ የማዕከሉ ሠራተኞች የአሜሪካ ባሕር ኃይል በኢንተርኔት የሚያወጣውን የማዕበል ከፍታ ትንበያ በየቀኑ እየወሰዱ፣ ወደ ታሚል እየመለሱ፣ በድምፅ ማጉያ ለመንደሩ ያሰሙ ነበር። አስጋሪው ማንበብ ባይችልም ጆሮው ይሰማል፤ ጀልባውን ያወጣ እንደሆነ ወይም ቀኑን በቤቱ ይውል እንደሆነ ራሱ ይወስናል።

የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት ግን ከመሣሪያው ይልቅ በውሉ ላይ ነው። መንደሩ ቤቱን በነፃ ያቀርባል፤ በጎ ፈቃደኛ ሠራተኞችን ይመርጣል፣ ከእነሱም መካከል ሴቶች እንዲኖሩ ያደርጋል። ከሁሉም በላይ ማዕከሉ ለማንኛውም የመንደሩ ነዋሪ፣ በሕንድ የዘር ሥርዓት ከሁሉ በታች ተደርገው ለሚታዩት ለዳሊቶች ጭምር፣ እኩል ክፍት መሆን አለበት። ይህ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ቀላል ይመስላል፤ በተግባር ግን ከባድ ነበር። አንዳንዱ መንደር የግለሰብ ቤት ያቀርባል፤ የግለሰብ ቤት ደግሞ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም ማን ይግባ ማን አይግባ የሚል ልማድ አለው። ኤምባላም በተባለችው መንደር ቦታው የተገኘው በቤተ መቅደስ ቅጥር ውስጥ ሲሆን፣ ሥራውን የሚያካሂዱት የመንደሩ ሴቶች ነበሩ። ይህ ለሴቶቹ ክብርን አመጣላቸው፤ በሌላ በኩል በልማዱ ሁሉም ሰው በእኩልነት ወደማይገባበት ቅጥር የገባ የጋራ መሣሪያ የጋራ ሊባል ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ተነሣ። ውሉ ሳይከበር የቀረባቸው መንደሮች ማዕከላቸው የተዘጋባቸው ጊዜም ነበር። ድርጅቱ መሣሪያውን ነቅሎ መሄድን መርጦ፣ የተዘጋ በር ያለው ማዕከል ግን አልፈለገም።

ይህ ጥንቃቄ ምን ዋጋ እንዳለው በታኅሣሥ 26 ቀን 2004 ታየ። በዚያ ቀን በኢንዶኔዥያ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን የፈጀ የባሕር ማዕበል አስከተለ። ናላቫዱ የምትባለው የፑዱቸሪ የዓሣ አስጋሪዎች መንደር እንደ ሌሎቹ የመረጃ ማዕከል ነበራት። በሲንጋፖር ይሠራ የነበረ የመንደሩ ልጅ ስለ ማዕበሉ በዜና ሰምቶ ወደ ቤተሰቡ ስልክ ደወለ። ዕለቱ እሑድ ነበር። ሰዎች ሮጠው የማዕከሉን በር ሰብረው ገቡና ሕዝቡ ከባሕሩ እንዲሸሽ በድምፅ ማጉያው ለፈፉ። 150 ያህል ቤቶችና 200 ያህል ጀልባዎች ሲወድሙ፣ 3,600 የሚሆነው የመንደሩ ሕዝብ ግን ሕይወቱ ተረፈ።

ልብ እንበል፤ ያን ቀን ሕዝቡን ያዳነው የቤተሰብ ስልክ፣ ሰው የለመደው የድምፅ ማጉያና መንደሩ «የእኛ» ብሎ የሚያየው ቤት በአንድነት ነው። ማዕከሉ የሌላ ሰው ንብረት ቢሆን ኖሮ በሩን ሰብሮ ለመግባት ማን ይደፍር ነበር?

የገዢው ኮምፒውተር

በ2000 አይ. ቲ. ሲ. የተባለው ትልቅ የሕንድ ኩባንያ በማድያ ፕራዴሽ ክልል ለአኩሪ አተር ገበሬዎች «ኢ-ቾፓል» የተባለ ሥራ ጀመረ። ቾፓል ማለት የመንደር ሸንጎ፣ ሰው ተሰብስቦ የሚወያይበት ቦታ ነው። ኩባንያው በየመንደሩ አንድ የታወቀ ገበሬ መርጦ ኮምፒውተሩን በቤቱ ያስቀምጥለታል፤ ገበሬውም መንደሩን በቅንነት ሊያገለግል በሕዝብ ፊት ቃለ መሐላ ይፈጽማል፤ በሥራው መጠን ኮሚሽን ያገኛል።

ከዚያ በፊት ገበሬው ዋጋውን የሚያውቀው ምርቱን ጭኖ ወደ ገበያው ከደረሰ በኋላ ነበር። የጋሪ ኪራይ ከፍሎ ከደረሰ በኋላ ዋጋው ወድቆ ቢያገኘው ይዞ መመለስ አይችልም፤ ይህን ችግር የእኛም ገበሬ ያውቀዋል። በኮምፒውተሩ አማካይነት የኩባንያውን ዋጋ ከቤቱ ሳይወጣ ማወቅ ቻለ፤ ከፈለገ ለኩባንያው፣ ካልፈለገ ወደ ተለመደው ገበያ ይወስዳል። በ2010 የታተመ አንድ የምጣኔ ሀብት ጥናት እንዳመለከተው፣ ኮምፒውተሩ በገባባቸው አካባቢዎች በተለመደው ገበያ ራሱ የአኩሪ አተር ዋጋ ከ1 እስከ 3 በመቶ ጨምሯል። ነጋዴው ገበሬው ሌላ አማራጭ እንዳለው ሲያውቅ ዋጋውን አሻሻለ ማለት ነው። ሥራው እየሰፋ ሄዶ በሺዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ተከፍተዋል።

ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ መካድ አይገባም። ሆኖም ዋጋውን በኮምፒውተሩ ላይ የሚጽፈው ምርቱን የሚገዛው ኩባንያ ራሱ ነው። ቤቱ የአንድ አቅም ያለው ገበሬ ቤት ነው። በገበያው በጫኝነትና በአውራጅነት ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች ሥራ ሲቀንስባቸው የሚጠይቅላቸው አልነበረም። ኩባንያው መንደሩን የሚፈልገው ለአቅርቦት ነው፤ ይህን ደግሞ አልደበቀም። እዚህ ላይ የኅብረት ሥራ ማኅበር ልዩነት ይታያል። ማኅበሩ ገዢም ሻጭም አባሉ ራሱ ስለሆነ ዋጋውን የሚጽፈውን ሰው በጠቅላላ ጉባኤ ሊሾመውም ሊሽረውም ይችላል። ይህን ሥልጣን ካልተጠቀመበት ግን ማኅበሩም ከኩባንያው የሚለይበት ነገር አይኖርም።

ማንበብ የማትችል ገበሬ በኮምፒውተር ፊት

በአፍሪካ ከሚጠቀሱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ በኡጋንዳ፣ ከካምፓላ በስተሰሜን የሚገኘው የናካሴኬ ማዕከል ነው። በ1999 አካባቢ በዩኔስኮና በሌሎች ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ ሥራ ሲጀምር ቤተ መጻሕፍትን፣ ስልክንና ኮምፒውተርን በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባሰበ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ችግር ገጠመው። በኢንተርኔት ላይ ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነው፤ የናካሴኬ ሴቶች የሚናገሩት ሉጋንዳ ነው፤ ብዙዎቹም አያነቡም።

በ2001 ለእነዚህ ሴቶች ተብሎ አንድ ሲዲ ተዘጋጀ። ርዕሱ የአፍሪካ ገጠር ሴቶች ገቢ ስለሚያገኙባቸው ዘዴዎች ሲሆን፣ በሥዕልና በድምፅ፣ በሉጋንዳ ጭምር የሚናገር ነበር። አንዲት ሴት ሥዕሉን በጣቷ አመልክታ ትሰማለች፤ ያሻትን ትደግማለች። ሲዲውን ከተማሩበት መካከል አንዲት አረጋዊት ገበሬ ከዚያ ያገኙትን ዕውቀት በራሳቸው እርሻና በዶሮ እርባታ ላይ ከማዋላቸውም በላይ ሌሎች ሴቶችን በማስተማር ታወቁ። ኮምፒውተር ለተማረ ወጣት ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ናካሴኬ ሐሰት አድርጎታል። የጎደለው የሴቶቹ ችሎታ አልነበረም፤ በሚያውቁት ቋንቋና በሚስማማቸው መንገድ የተዘጋጀ ትምህርት ነበር የጎደለው።

ኮምፒውተሩ በስልክ ሲተካ

ወደ ዋራና እንመለስ። በ2006 ተመራማሪዎች ከስኳር ማኅበሩ ጋር ሆነው በሰባት መንደሮች የኮምፒውተሮቹን ሥራ በሞባይል ስልክ መልእክት ለመተካት ሞከሩ። ገበሬው አጭር መልእክት ሲልክ በማኅበሩ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር የተመዘነለትን አገዳ መጠን፣ የወሰደውን ማዳበሪያና የመሳሰለውን መልሶ ይልክለታል። ሙከራው ስምንት ወር ፈጀ። ውጤቱ መልካም ነበር፤ አገልግሎቱ ከቀድሞው የፈጠነ፣ የረከሰና በማንኛውም ሰዓት የሚገኝ ሆነ። ለዓመታት ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው ኮምፒውተሮች የሚሠሩትን ሥራ ተራ ስልክ ሠራው።

ከዚያ ወዲህ ሞባይል በዓለም ገጠር ሁሉ በመስፋፋቱ ብዙዎቹ የመንደር ኮምፒውተር ቤቶች ተዳክመዋል ወይም ተዘግተዋል። እንግዲህ ጥያቄው አብቅቷል ማለት ነውን? አላበቃም። ስልክ የአንድ ሰው ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ስልክ ብቻ ሲኖር ብዙውን ጊዜ የሚይዘው አባወራው ነው። መልእክቱን ለማንበብ ፊደል መለየት ያስፈልጋል። የጋራው ቤት ሲዘጋ ደግሞ እዚያ ተቀምጦ «እስቲ ላሳይዎት እማማ» የሚለው ሰውም አብሮ ይጠፋል። መሣሪያው በየኪሱ ገባ፤ የሚያስረዳው ሰው ግን በየኪሱ አይገባም።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1989 ዓ.ም. ነው። ለገበሬው እንዲደርስ ግን አስቀድሞ መሟላት የነበረበት አንድ ነገር ነበር፤ ፊደላችን። ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች በአገር ውስጥና በውጭ አገር ሆነው የግዕዝን ፊደል ወደ ኮምፒውተር ለማስገባት ለዓመታት ደክመዋል። በመጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ የራሱን አሠራር ስላወጣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ላይ አይነበብም ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ በመግባቱ አንድ ወጥ መሠረት ተገኘ፤ ዛሬ በማንኛውም ስልክ በአማርኛ የምንጻጻፈው በዚያ ሥራ የተነሣ ነው። የናካሴኬ ሴቶች የገጠማቸው የቋንቋ ችግር ለእኛ ቢያንስ በፊደል በኩል ተቃሏል።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ወረዳ ኔት በተባለው መረብ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ከክልልና ከፌደራል መሥሪያ ቤቶች ጋር ተገናኙ። ይህ ለአስተዳደሩ ትልቅ እርምጃ ቢሆንም መስመሩ የደረሰው እስከ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ነበር። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ግብይት ሲጀምር ዋጋን በየገበያ ከተማው በሰሌዳ፣ ቆይቶም በስልክ ማሳወቅ ጀመረ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ በያኔው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ አማካይነት 8028 የተባለው ነፃ የስልክ መስመር ተከፍቶ ገበሬው የሰብል ምክርን በቋንቋው በድምፅ እንዲሰማ አስቻለ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር ገንዘብም በስልክ መንቀሳቀስ ጀመረ።

እነዚህ ሁሉ በጎ ሥራዎች ናቸው። ነገር ግን አንዱም የማኅበርን ቦታ አይተካም። ሰሌዳው የአዲስ አበባን ዋጋ ይነግራል፤ ማኅበሩ ለአባሉ ስንት እንደሚከፍል አይነግርም። 8028 ስለ ማዳበሪያ አጠቃቀም ይመክራል፤ ለማኅበሩ የመጣው ማዳበሪያ ስንት ኩንታል እንደሆነና ለማን እንደተከፋፈለ ግን አይናገርም። ይህን መናገር የሚችለው ማኅበሩ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ዐዋጅ ቁጥር 147/1991ም ሆነ እርሱን የተካው ዐዋጅ ቁጥር 985/2009 የቆሙት አባልነት በፈቃድና ለሁሉም ክፍት ነው በሚለው መርሕ ላይ ነው። ከላይ ያየነው ታሪክ ይህ መርሕ በመረጃ ላይም መሥራት እንዳለበት ያሳያል። ከዚህ በመነሣት ለማኅበሮቻችን የሚጠቅሙ አራት ነጥቦችን ማንሣት ይቻላል።

አንደኛ፣ ከጥያቄው መጀመር ያስፈልጋል። የዋራና ገበሬ ኮምፒውተሩን የተቀበለው ሚዛኑንና ሒሳቡን ስላሳየው ነው። የእኛም አባል አስቀድሞ የሚጠይቀው ያስረከበውን ኩንታል፣ ያለበትን ዕዳና የሚደርሰውን የትርፍ ክፍፍል ነው። ዩኒየን ኮምፒውተር ሲገዛ ሥራው የዓመቱን ሪፖርት አሳትሞ ለኃላፊዎች ማቅረብ ብቻ ከሆነ አባሉ አልተጠቀመም።

ሁለተኛ፣ ቦታውን መምረጥ ከመሣሪያው መረጣ ይበልጣል። ቤቱ የግለሰብ ከሆነ ባለቤቱን የሚፈራ ሰው አይገባም። ቢሮው የወንዶች መዋያ ከሆነ ሴት አባላት ደጅ ላይ ይቆማሉ። በብዙ ማኅበራት የሴት አባላት ቁጥር አነስተኛ በመሆኑ ይህ በተለይ ሊታሰብበት ይገባል። ሴት ጸሐፊ ወይም ሴት ሠራተኛ ባለችበት ክፍል ሴት አባል ሳትሳቀቅ ትጠይቃለች።

ሦስተኛ፣ ጆሮን መርሳት አይገባም። ፑዱቸሪ በድምፅ ማጉያ፣ ናካሴኬ በሚናገር ሲዲ የደረሱበት ማንበብ የማይችለው ዘንድ ነው። በገበያ ቀን የማኅበሩን የመግዣ ዋጋ በድምፅ ማሰማትና በሰሌዳ ላይ በጉልህ መጻፍ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

አራተኛ፣ ወጪውንና ሰውን አስቀድሞ ማሰብ ያሻል። የለጋሽ ገንዘብ መሣሪያ ይገዛል፤ የመብራቱን፣ የጥገናውንና የሠራተኛውን ወጪ ግን በየዓመቱ የሚሸፍን ያስፈልጋል። የሮችዴል ሰዎች ከትርፋቸው ላይ ለትምህርት የመደቡት ይህን ስላወቁ ነው። ድርሻው ትንሽም ቢሆን በጉባኤ የተወሰነ ሊሆን ይገባል፤ እርዳታ ሲቋረጥ በሩ አብሮ እንዳይዘጋ።

ለወረዳና ለዞን ኃላፊዎችም አንድ ማሳሰቢያ አለን። ስንት ኮምፒውተር እንደተከፋፈለ መቁጠር ቀላል ነው። ባለፈው ወር ስንት አባላት ሒሳባቸውን ጠይቀው በራሳቸው ዓይን አዩ፣ ከእነሱም ስንቶቹ ሴቶች ናቸው የሚለው ግን በሪፖርት ላይ እምብዛም አይገኝም። ይህ ጥያቄ በሱፐርቪዥን ቅጽ ላይ ቢጨመር የብዙ ማኅበራት አሠራር ይለወጣል ብለን እንገምታለን።

የናላቫዱ ሰዎች በዚያ ክፉ ቀን በራቸውን የሰበሩት ቤቱ የራሳቸው መሆኑን ስላወቁ ነው። የእኛ አባላት በር መስበር እንዳያስፈልጋቸው ቁልፉ በማን እጅ እንደሚቀመጥ ከወዲሁ ተነጋግሮ መወሰን ይበጃል። ለዚህም ከመጪው ጠቅላላ ጉባኤ የተሻለ መድረክ የለም። ጉዳዩ በአጀንዳ ተይዞ እያንዳንዱ መሠረታዊ ማኅበር መዝገቡን ለአባሉ በምን ቀን፣ በየትኛው ክፍል፣ በማን አማካይነት እንደሚያሳይ ቢወስን፣ ለዚህ በዓል ከሚሰጡት ስጦታዎች ሁሉ የበለጠው ይህ ይሆናል።

መልካም በዓል!